የማይሄደው ታንክ

ሙርሺዳ ገና በሩ ላይ ነው የተናደደችው። እስቲ ፍረዱ! ሰው ሰባት ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ተዘግቶ፣ ዓይኑ በመጋዝ ብናኝ ቀልቶ፣ ጣቱ በኮላ ተልጦ የለፋበትን ሥራ፣ ክንድ በማትሞላ ሰሌዳ ሲነጥቁት ምን ይባላል? ሰሌዳዋ እንዲህ ትላለች፦ «በዚህ አዳራሽ የሚታዩት የህዳሴ ዘመን ማሽኖች በሙሉ በፍሎረንስ ከተማ ባለሙያዎች እጅ የተሠሩ ናቸው።» ሙርሺዳ ሁለቴ አነበበቻት። እንግሊዝኛዋ የፎርድስበርግ ገበያ እንግሊዝኛ ነው፤ «በሙሉ» የሚለው ቃል ግን ገበያም ውስጥ አለ።

«በሙሉ ይላል እኮ፣ ጣሃ!»

«አይቻለሁ።»

«አይቻለሁ ይለኛል! አይተህ ነው እንዲህ የቆምከው?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ደብዳቤውን ተቀብለን እንሄዳለን፤ አለቀ።»

ጣሃ ባሏ ነው። የወራቤ ልጅ፣ አናጢ። ከከተማው ዳር ዲፕስሉትም ሆነ ኦሬንጅ ፋርም ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ የከፈተ የአገራችን ሰው ሁሉ መደርደሪያውንና ባንኮኒውን ያሠራው በእሱ ነው። ታዲያ ይሄ የኤግዚቢሽን ድርጅት ማሽኖቹን ከጣሊያን በመርከብ ሲያስመጣ፣ ደርባን ወደብ ሲደርሱ አንዳንዶቹ ውሃ ጠጥተው፣ አንዳንዶቹ ተሰባብረው ተገኙ። የመክፈቻው ቀን ደርሷል፤ ጭንቅ ሆነ። አንድ ሰው ጣሃን ጠቆማቸው። ከአሥራ ሰባቱ ማሽኖች አሥራ አንዱን ንድፉን ብቻ እያየ ከባዶ ጣውላ ሠራላቸው። ክፍያውን አልከለከሉትም፤ እውነት እውነት ነው። እሱ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የለመናቸው አንድ ነገር ነበር፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አናጢ እዚህ አገር በሙያው ተፈትኖ ሰርተፊኬት እንዲይዝ፣ ማኅተም ያለው ድርጅት «ይህ ሰው ባለሙያ ነው» ብሎ ሊጽፍለት ይገባል። ባለ ስፓዛዎቹ ደግሞ ለጣሃ ወላሂ ብለው ይምሉለታል እንጂ ማኅተም ከየት ያመጣሉ? ፈተናውን የሚሰጠው ኮሌጅ ሁለት ጊዜ መለሰው። ሰርተፊኬት ከሌለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ የለም፤ የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ ታውንሺፕ በሚሏቸው የድሃ ሰፈሮች መዞር ነው። በዚያ መንገድ ሁለት ጊዜ ዘርፈውታል። ሁለተኛው ዲፕስሉት ላይ ነበር፤ ሽጉጡን ማጅራቱ ላይ አድርገው አስተኙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙርሺዳ እሱ እስኪመለስ እህል አይወርድላትም። የዘንድሮ ምዝገባ የሚዘጋው ሰኞ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ሚስስ ናውዴ «ቅዳሜ ከባለቤትህ ጋር ኑ፣ እንደ እንግዳ ጎብኙ፣ ደብዳቤህን ይዘህ ትሄዳለህ» ብላዋለች።

ጎበኙ እንግዲህ። አስጎብኚው ጉንጩ ላይ ማይክ የለጠፈ ቀጭን ወጣት ነው። ሃያ የሚሆን ሰው ያስከተለ፤ ንግግሩ ጣፋጭ። መጀመሪያ ሥዕሎቹ ጋ ወሰዳቸው፤ ኮፒ ናቸው፣ ግን ያምራሉ። አንዱ ላይ የወለሉ ንጣፍ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ አንዲት ነጥብ ላይ ይገናኛል። «የዚያን ዘመን ሠዓሊዎች ክር ወጥረው፣ በሂሳብ ለክተው፣ ጠፍጣፋውን ግድግዳ ጥልቅ አደረጉት» አለ ልጁ። ቀጥሎ ቆዳው የተገፈፈ የሰው ክንድ ንድፍ ነበር፤ ጅማቱ አንድ በአንድ ተስሏል። ጣሃ ጎንበስ ብሎ እያየ የራሱን ጣቶች አንቀሳቀሰ፤ ያመሳክራል መሰለኝ። ሙርሺዳ ንዴቷን ልትረሳው ምንም አልቀራት።

ማሽኖቹ ክፍል ሲገቡ አስታወሳት። ልጁ አንድ ተጣጣፊ የእንጨት ድልድይ ጋ ቆመና መጋጠሚያውን በጣቱ ዳሰሰ። «ተመልከቱ! አንድ ምስማር የለውም። እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የለም።»

«አለ!» ብላ ጮኸች። «ይኸው! እዚህ ቆሟል!»

ሃያው ሰው ዞረ። ጣሃ ጣሪያውን መመልከት ጀመረ፤ ጣሪያው ላይ ምንም የለም። ልጁ ፈገግ ብሎ «ማማ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ላይ ነው» አላትና አለፈ። ጥያቄ አላት! ጥያቄ መሰለው!

«አሳፈርሽኝ» አላት ጣሃ በሹክሹክታ።

«አንገት ደፊ አገር አጥፊ! አፍርና ሙት!»

እንዲህ እየተነቋቆሩ የመጨረሻው ማሽን ጋ ደረሱ። ታንክ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ ታንክ። ከላይ እንደ ጎጆ ክዳን የሾለ፣ ከሥሩ አራት ጎማ ያለው፣ ወደ ጎን የወጣ ማዞሪያ እጀታ ያለው። ሊዮናርዶ የሚሉት የጣሊያን ሊቅ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በፊት ነው የነደፈው። አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን የጉብኝታችንን ትልቁን ምስጢር አሳያችኋለሁ። ይህ ታንክ አይሄድም! በንድፉ ላይ ማርሾቹ የተገጠሙት የፊትና የኋላ ጎማ ተቃራኒ እንዲዞሩ ሆነው ነው። ያን የሚያህል ሊቅ እንዴት ተሳሳተ? ጠላት ንድፉን ቢሰርቅ እንዳይጠቀምበት ሆን ብሎ ነው የሚሉ አሉ። እስቲ አንድ ሰው ይሞክር!»

ባርኔጣ ያጠለቁ አንዲት አሮጊት ወደፊት ወጡ። እጀታውን ያዙ። ጣሃ «ኧረ በአላህ» ሲል ሙርሺዳ ሰማችው። አሮጊቷ አዞሩት። ታንኩ ሄደ። ሄደ ብቻ? እንደ ቅቤ ተንሸራቶ ገመድ የታሰረበትን ምሰሶ ገጭቶ ጣለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ አሮጊቷ በድንጋጤ «ሃይቦ!» ብለው እጀታውን ለቀቁ። አስጎብኚው አፉን እንደከፈተ ቀረ። የጣሃን ላብ ደግሞ ያየ!

«ምን አደረግህ?» አለችው።

«የተሳሳቱ መሰለኝ። ማርሹን ገለበጥኩት።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«እንዴት ብዬ? ትልቅ ድርጅት ነው፤ ንድፋችሁ ስህተት ነው ብዬ ሰዎቹን ላሳፍር?»

ይኸው ነው ጣሃ። ወራቤ ያስተማረው ሽማግሌ አናጢ ሁለት ነገር አጥብቆበታል፦ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሳይንቀሳቀስ ከእጅህ አይውጣ፤ የቀደመህን ባለሙያ ጉድለት ካየህ ዝም ብለህ አስተካክል፣ አታሳጣው። አምስት መቶ ዓመት የቀደመውን ባለሙያ ገመና ሸፈነለት እንግዲህ!

ሚስስ ናውዴ ጫማዋን እያንቋቋች መጣች። ጣሃ እንደ ጥፋተኛ ወደፊት ወጥቶ «እኔ ነኝ» አለ፤ አስጎብኚው ቀሪውን ሰው ወደ መውጫው ሸኘ።

«ንድፉን ተከተል ነበር ያልንህ» አለች ሴትዮዋ።

«ንድፉ ተሳስቶ ነበር፣ እመቤቴ።»

«ንድፉ አምስት መቶ ዓመቱ ነው!»

«አምስት መቶ ዓመት ተሳስቷላ!» አለች ሙርሺዳ።

ሴትዮዋ እሷን አላየቻትም። ሰው ትኬት የሚገዛው ያንን ስህተት ለማየት እንደሆነ አስረዳች፤ እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸችም። ቀጠለችና «የመደርደሪያ አናጢ መያዛችን የእኛ ጥፋት ነው» አለች። ይህን ጊዜ የሙርሺዳ ደም አናቷ ላይ ወጣ። የቀረ እንግሊዝኛ አልነበራትም፤ ሁሉንም አወጣችው።

«መጋጠሚያው ሲያምር የፍሎረንስ! ታንኩ ሲሄድ የመደርደሪያ አናጢ! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል! ወይ ሁሉንም የሱ በይው፣ ወይ ሁሉንም የፍሎረንስ በይውና ለፍሎረንስ ደውለሽ ተቆጪ! ያንን ሰሌዳ አውርጂው መጀመሪያ!»

«ሰሌዳው የመጣው ከጣሊያን ነው። አይነካም» አለች ሚስስ ናውዴ፣ ቀዝቀዝ ብላ። ከያዘችው ማኅደር ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣች። ማኅተሙ ከታች ይታያል፤ ፊርማው ብቻ ይቀረዋል። «ጣሃ፣ ንድፍ የሚቀይር ሰውን ባለሙያ ነው ብዬ ልፈርም አልችልም። የስምንት ሰዓቱ ቡድን ከመግባቱ በፊት ማርሹን ወደ ነበረበት መልሰው። ታንኩ አይሂድ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ጣሃ ወረቀቱን አየ። ታንኩን አየ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረና በስልጥኛ «ምን ላድርግ?» አላት። አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ በሥራው ጉዳይ ምን ላድርግ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ሙርሺዳ አፏ ላይ የነበረው ቃል «እንቢ በላት» የሚል ነበር። ወላሂ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ሰኞ መጣባት፤ ዲፕስሉት መጣባት፤ መሬት ላይ ተደፍቶ፣ ሽጉጥ ማጅራቱ ላይ ሆኖ ታያት። አንድ ማርሽ ምንድነው? ከሰው ነፍስ ይበልጣል?

«አበላሸው» አለችው።

ጣሃ ዓይን ዓይኗን አያት።

«አንድ ማርሽ ነው እኮ፣ ጣሃ። አበላሸውና እንሂድ።»

ካቻቪቴ አመጡለት። የክት ጃኬቱን አውልቆ ታንኩ ሥር ተኛ። አራት ብሎን ፈታ፤ ማርሹን ገለበጠ፤ አራት ብሎን መልሶ አሰረ። አስጎብኚው ልጅ ውሃ ይዞለት መጥቶ «ይቅርታ ባባ፤ ስላንተ ማንም አልነገረኝም» አለው። ጣሃ ውሃውን ተቀብሎ አመሰገነው። ሚስስ ናውዴ እጀታውን ራሷ ያዘችና አዞረች። የፊቱ ጎማ ወደዚህ፣ የኋላው ወደዚያ ተሳሳቡ፤ እንጨቱ ሲጢጥ አለ፤ ታንኩ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። «ትክክል!» አለችና ፈረመች።

ሲወጡ የስምንት ሰዓቱ ቡድን እየገባ ነበር። ሙርሺዳ ሰሌዳዋን ዳግመኛ አላየቻትም።

ወደ ከተማ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሦስተኛው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሙርሺዳ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት፦ «አቶ ጣሃ የተሰጣቸውን ንድፍ ሳይቀንሱና ሳይጨምሩ በጥንቃቄ የሚከተሉ ባለሙያ ናቸው።»

«ይኸው! ባለሙያ አሉህ በማኅተም! ሰኞ በጠዋት ኮሌጁ በር ላይ ነን። ሴትዮዋንስ አላህ ይይላት፤ ምን ዓይነት ልበ ደረቅ ናት? ደግሞ ያ ሰሌዳ! ጥበብ እነሱ ዘንድ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል። ሥራህን እንደዚያ ሲያዋርዱት እያየሁ ዝም እንድል ነበር የፈለግከው?»

ጣሃ በመስኮቱ በኩል ያያል።

«ተናገር እንጂ! አሁንም ሰዎቹን እንዳታሳፍር ነው?»

«እነሱ አያውቁኝም፤ ምንም ቢሉ አልቀየማቸውም» አለ ጣሃ፣ ፊቱን ሳይመልስ። «አንቺ ግን እጄን ታውቂው ነበር።»