አሥራ አራት ነባር ዛፎች

ዘርፌ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ ማየት ከጀመረች ወር ሊሞላት ነው። አንደኛው ከቦሌ አራብሳ አለፍ ብሎ ሊሠራ የታሰበው የቢዝነስ ፓርክ የሕንፃ ፕላን ነው፤ አራት የቢሮ ሕንፃዎች፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽና ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይታዩበታል። ሁለተኛው የዚያው ግቢ የአረንጓዴ ሥራ ፕላን ነው፤ ሣሩ፣ የእግር መንገዱ፣ አበባው። የወሰን ቁጥሮቻቸው እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ናቸው። ነገር ግን በአረንጓዴው ወረቀት ላይ፣ በምዕራብ በኩል፣ አሥራ አራት ክቦች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው «ነባር የአበሻ ጥድ፣ የሚጠበቅ» የሚል ጽሑፍ አለ። በሕንፃው ወረቀት ላይ እዚያው ቦታ ያለው የመኪና መግቢያ ነው።

ግንባታ ፈቃድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ፕላን መርምራለች። ደረጃ የሌለው ፎቅ፣ በር የሌለው መጸዳጃ ቤት አይታ መልሳለች። እነዚያ ስህተታቸው ቶሎ ይታይ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን የላቸውም፤ ግራ የሚያጋቡት አንድ ላይ ሲታዩ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ መስመር አስተያየት ጽፋ መልሳ ነበር፦ ዛፎቹ ከመግቢያው ጋር ስለሚጋጩ የቦታው ፎቶ ይቅረብ። ፎቶው ቀረበ። በፎቶው ላይ ሣር አለ፣ አጥር አለ፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት አለ። ዛፍ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ከድርጅቱ ደብዳቤ መጣ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ኢንጂነር ሊባኖስ እንደጻፈው፣ አሥራ አራቱ ዛፎች ባለፈው መስከረም ለግቢው ጥበቃ ለአቶ እንድሪስ በፊርማ ተሰጥተው ነበር። አሁን በቦታቸው የሉም። ጥበቃውም ጥፋቱን በጽሑፍ አምኖ ይቅርታ ስለጠየቀ ከቅዳሜ ጀምሮ ከሥራ ይሰናበታል። ድርጅቱ በጠፉት ምትክ ሃያ ስምንት ችግኝ ስለሚተክል ፕላኑ እንዲጸድቅለት ይጠይቃል።

ዘርፌ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚህ በፊት አንድ መስመር አስተያየቷ ሰው ከሥራ ሲያስወጣ አላየችም። የቡድን መሪዋ ቢተው በትከሻዋ ላይ አንብቦ ደስ አለው።

«ተፈታ እኮ ዘርፍዬ። በእጥፍ ይተክላሉ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አሥራ አራት ጥድ ብቻውን ቆርጦ የት አደረሰው?»

«አንቺ ፕላን መርማሪ ነሽ ወይስ መርማሪ ፖሊስ?» አለና ሳቀ። ቢሆንም ቦታውን አይታ እንድትመጣ ፈቀደላት፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ፊርማዋን እንደሚጠብቅ ነገራት።

ዓርብ ጠዋት ሊባኖስ በድርጅቱ መኪና ወሰዳት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትሑት፣ ስልኩ የማያርፍ ሰው ነው። በጎሮ አድርገው ከታክሲዎቹ ጀርባ እየተጎተቱ ሲሄዱ፣ ነገሩን እሱም እንዳልወደደው ነገራት። ሰውየው ሰካራም አይደሉም፣ ሌባም አይመስሉም፤ ሌሊት እንኳ ሲደወልላቸው ያነሣሉ። ግን ፈርመዋል። ዋናው ቢሮ የሚያየው ፊርማውን ነው።

ኮንዶሚኒየሞቹ አልቀው ሜዳው ሲጀምር ከግቢው ደረሱ። ጋሽ እንድሪስ በሩን ከፈቱላቸው። ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ከኮምቦልቻ አካባቢ የመጡ ሰው ናቸው። በፎቶው ላይ የምትታየው ቆርቆሮ ቤት መኖሪያቸው ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከምትማረው ልጃቸው ከሀጀር ጋር ይኖሩባታል። ከሥራ ሲሰናበቱ ቤቷንም ይለቃሉ።

ዘርፌ በመጀመሪያ ያየችው ጉድጓዶቹን ነበር። በምዕራቡ አጥር በኩል ጉልበት የሚደርሱ ዘጠኝ ጉድጓዶች በመስመር ተቆፍረዋል። ዐሥረኛው ተጀምሯል፤ ዶማው እዚያው ተኝቷል። ለሊባኖስም እንግዳ ነገር ሆነበት። ማን እንዳስቆፈራቸው ጠየቀ።

ጋሽ እንድሪስ ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ የፕላኑን ፎቶ ኮፒ አወጡ። ሀጀር መለኪያውን አሳይታቸው በእርምጃ ለክተው፣ ክብ በተደረገበት ሁሉ እየቆፈሩ ነበር። ግንዱ ቢቆረጥ ሥሩ የትም አይሄድም፤ ሥሩን ካገኙ ዛፉ መቼ እንደተቆረጠ፣ በመጥረቢያ ይሁን በመጋዝ ይታወቃል። እሳቸው ከመቀጠራቸው በፊት የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ይተርፋሉ።

«አንዱን አገኘሁት» አሉ። ድምፃቸው የራሱን ወንጀል ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር። ከቆርቆሮዋ ሥር ክንድ የሚያህል ጠቆር ያለ ሥር አምጥተው ለዘርፌ ሰጧት።

እያገላበጠች አየችው። ስለ ሥር የምታውቀው ነገር አልነበረም። «የጥድ ነው?»

«እንጃ። ሽታው የባሕር ዛፍ ነው። ጥድ ቢሆን ዓመት ሙሉ ነበር የሚሸተው።» ወደ ወረቀቱ ጠቆሙ። «ግን እዚህ ጥድ ነው ይላል።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ ሥራ ሲጀምሩ እዚህ ዛፍ ነበር?»

ሰውየው ሜዳውን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ መልሰው ሜዳውን አዩ። መጀመሪያ አልነበረም ብለው እንደነበር ሊባኖስ በኋላ ነግሯታል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነበረም ሲሉ ቆይተው ነው ያመኑት።

«አልነበረም እላለሁ» አሉ። «ግን የተማረ ሰው ጽፎታል፣ ማኅተም አለበት፣ እኔም ተቀብያለሁ ብዬ ፈርሜበታለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔ ራሴ አላምነውም ነበር። አሁን አሁን ማታ ስተኛ ዛፎቹን ያየኋቸው ይመስለኛል።»

«ሲያስረክቡዎት አልቆጠሩም?»

«አጥሩን አየሁ፣ በሩን አየሁ፣ ፈረምኩ። ኢንጂነር ይዞት የመጣውን ወረቀት ቆሜ ልቁጠርበት?»

ሊባኖስ አንገቱን ደፋ። እሱም አልቆጠረም ነበር። ዝርዝሩን የገለበጠው ከፕላኑ ነው፤ በዚያ ቀን መሬቱን ቀና ብሎ ማየቱንም እንደማያስታውስ ተናገረ።

ዘርፌ ከቢሮ ስትነሣ እዚህ ስደርስ ነገሩ ይገለጥልኛል ብላ ነበር። አሁን ይብስ ተምታታባት። ግንድ የለም፣ ጉቶ የለም፣ ፍልጥ የለም፤ ያለው የባሕር ዛፍ ሥርና ሁለት ፊርማ ነው። የአረንጓዴውን ፕላን የሠራችውን ባለሙያ ስልክ ከወረቀቱ ጥግ አገኘችና ደወለች።

ሪሀና የምትባል ወጣት አነሣች። ነገሩ ምን እንዳስከተለ አልሰማችም። ቦታው ድረስ መጥታ ታውቅ እንደሆነ ስትጠየቅ እንዳልመጣች ተናገረች። ክረምት ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነበር፣ ፕላኑ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ይፈለግ ነበር። የአራቱን ማዕዘን ቁጥሮች ከይዞታ ካርታው ላይ ወስዳ በሳተላይት ምስሉ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዛፎቹ ቁልጭ ብለው ታዩዋት፤ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ጥድ መሆናቸውን ያወቀችው ከቀለማቸውና ከጥላቸው ነው። ከፈለጉ ምስሉን አሁኑኑ ልትልክ ትችላለች።

ምስሉ በቴሌግራም መጣ። አሥራ አራት ዛፎች ከነጥላቸው አሉ። አጠገባቸው ረዥም ግራጫ ጣሪያ አለ። ዘርፌ ቀና ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። እዚህ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። መሠረቱ እንኳ የለም። ሊባኖስ ስልኩን ተቀብሎ እያዟዟረ አየና ጣሪያውም ተሰርቋል እንዳትሉኝ አለ። ማንም አልሳቀለትም።

ጋሽ እንድሪስ ስልኩን እንዲያሳዩዋቸው ጠየቁ። ክንዳቸውን ዘርግተው አርቀው ያዙት።

«ይሄማ የከብት ሐኪም ቤቱ ነው» አሉ።

ከግቢው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከውሃ መውረጃው ቦይ ማዶ፣ አካባቢው የእርሻ መሬት በነበረበት ዘመን ገበሬዎች ከብት የሚያሳክሙበት ግቢ ነበር። አሁን ተዘግቷል። ሦስቱ ቦዩን ተሻግረው ሄዱ። ዘርፌ እርምጃዋን እየቆጠረች ነበርና ሁለት መቶ ሃያ ሜትር ያህል እንደሄዱ ገመተች። ግራጫው ጣሪያ ያለው ረዥም ቤት ቆሟል። በአጥሩ ውስጥ ጥዶቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ጠቆር ያሉ፣ ወፍራም፣ ማንም ያልነካቸው።

ጋሽ እንድሪስ በተቀደደው አጥር ገብተው እያንዳንዱን ዛፍ በመዳፋቸው እየነኩ ቆጠሩ። አሥራ አራት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረው እንደገና ቆጠሩ። ከመጨረሻው ዛፍ አጠገብ ቁመቷ ወገብ የምትደርስ አንዲት ጥድ ነበረች፤ እሷን ሳይቆጥሩ ቀሩ።

«እሷ ወረቀቱ ላይ የለችም» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ለዘርፌ የተገለጠላት። የይዞታ ካርታው ቁጥሮች የሚቆጠሩት ሰርቬየሮች አዲንዳን ከሚሉት የድሮ የልኬት መነሻ ነው። ሳተላይቱ የሚቆጥረው ከሌላ መነሻ ነው። ያንኑ ቁጥር ሳያስተካክሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ከወሰዱት፣ መሬቱ በወረቀት ላይ ሁለት መቶ ምናምን ሜትር ይሸሻል። ኮሌጅ ተምራዋለች፤ ለሌሎችም አስረድታ ታውቃለች። የሁለቱ ወረቀቶች ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ መሆኑን እንደ ማስተማመኛ ስትቆጥረው ከረመች። አንዱ ከሳተላይት ላይ የተሠራ ከሆነ ቁጥሩ መለያየት ነበረበት። አፈረች፤ ይህንኑ ለሁለቱም አስረዳቻቸው።

ወደ ግቢው ሲመለሱ ሊባኖስ ዋናው ቢሮ ጋ ደውሎ ረዥም ሰዓት አወራ። ስልኩን ሲዘጋ፣ ስንብቱ እንደቀረና ጋሽ እንድሪስ በሥራቸው እንደሚቀጥሉ ተናገረ። ዘርፌም የአረንጓዴውን ፕላን ውድቅ አድርጋ እንደምትመልሰው አስታወቀች፤ ከመመለሻ ደብዳቤው ጋር የምታያይዘው የተስተካከለ የርክክብ ወረቀት ግን ያስፈልጋታል። ማኅተሙ ከቦርሳው ስለማይለይ ሊባኖስ እዚያው መኪናው ላይ ተደግፎ ጻፈው። አጥር፣ በር፣ አራት የወሰን ችካል፣ አንድ ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የውሃ ሮቶ። ማኅተሙን መትቶ እስክሪብቶውን ለጋሽ እንድሪስ ዘረጋላቸው።

ጋሽ እንድሪስ ወረቀቱን ተቀበሉ። እስክሪብቶውን አልተቀበሉም። መጀመሪያ ችካሎቹን እንያቸው አሉና በአጥሩ ዙሪያ መሄድ ጀመሩ። ሊባኖስ ሰዓቱን እያየ ተከተላቸው። ሦስተኛው ችካል ሣር ውጦት ስለነበር በእግራቸው ሣሩን ገልጠው፣ ሊባኖስንም ጎንበስ አስብለው አሳዩት። ሮቶውን በጣታቸው አንኳኩ። የአጥሩን ቋሚዎች ቆጥረው ስድሳ ሁለት መሆናቸው ካልተጻፈ «አጥር» የሚለው ብቻ አይበቃም አሉ። ተጻፈ።

«አሁን ይፈርሙልኛ ጋሼ» አለ ሊባኖስ።

«ያቺ የይቅርታ ወረቀቴስ?»

ሊባኖስ ነገሩ ስለቀረ ወረቀቷም ዋጋ እንደሌላት አስረዳቸው። ፋይል ውስጥ ናት፤ ማንም አያያትም።

«እኔን ለዚህ ያበቃኝ ፋይል ውስጥ ያለ ወረቀት ነው» አሉ። «ያልቆረጥኩትን ቆርጫለሁ ብዬ በራሴ ላይ በሐሰት መስክሬያለሁ፣ ኢንጂነር። ወረቀቷ ትምጣና እፈርማለሁ። ሳትመጣ አልፈርምም።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሊባኖስ ዘርፌን አያት። እሷ ደግሞ ያለ ርክክቡ መመለሻውን መጻፍ እንደማትችል ነገረችው። ትንሽ አንገራገረና መኪናውን አስነሣ፤ ዋናው ቢሮ ቦሌ ሚካኤል አጠገብ ነው፣ መንገዱ ካልተዘጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይመለሳል።

ዘርፌ ለቢተው ደውላ ፊርማዋን ዛሬ እንዳይጠብቅ ነገረችው። ከቆርቆሮዋ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ እንድሪስ በፕላስቲክ ጆግ ውሃ ቀድተው ሲታጠቡ ቆይተው መጡ። ፊታቸው ከጠዋቱ ይልቅ ተዝናንቷል፤ ግን አንድ ነገር ከንክኗቸዋል።

«ልጄ፣ ያ የከብት ሐኪም ቤቱ ቁጥርና የኛ ቁጥር አንድ ነው አይደል ያልሽው?»

«አንድ ነው። አቆጣጠሩ ነው የተለያየው።»

«ታዲያ አሁን የተቀመጥንበት የትኛው ነው?»

«ትክክለኛው» አለች።

«ትክክለኛው ይሄ ነው ያለው ማን ነው?»

ከልኬቱ መነሻ ጀምራ ልታስረዳቸው አፏን ከፈተች። ምድር ድቡልቡል ናት፣ ወረቀት ደግሞ ዝርግ ነው ስትል ሰውየው በትዕግሥት ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ እንደሄደች ያነሣችው ነገር ወዴት እንደሚያደርሳት ለራሷም ጠፋት። ጀመረች፣ አቋረጠች፣ ከሌላ በኩል ጀመረች። ጋሽ እንድሪስ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና ጁምዓ እየደረሰ መሆኑን ነገሯት። በሌላ ዓርብ ሀጀር ለምሳ ስትመጣ ትጠብቅላቸው ነበር፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ትውላለች።

«እስክመለስ ትጠብቂልኛለሽ?»

«ይሂዱ፣ ግድ የለም።»

ግን አልሄዱም። ያልተፈረመውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው አስያዟትና እስክትነሣ ቆመው ጠበቁ።

«በይ ቁጠሪና ተረከቢኝ» አሉ። «ከበሩ እንጀምር።»

ዘርፌ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣችና ተከተለቻቸው።