ቀድሞን የደረሰው መርዶ

በእስራኤል፣ በሀደራ ከተማ ላለው ወገናችን መርዶ ነጋሪው እኔ፣ ንብረት የምባለው፣ ነኝ። ማንም የማይመኘው ሹመት! ወግ ግን ወግ ነው። ልጇ ለሞተባት እናት በስልክ አይነገራትም፤ ሽማግሌ ማልዶ ይሄዳል፣ ዘመድ ይከባታል፣ ከዚያ በሰው አፍ ትሰማለች።

የአብሮ አደጌ የሙላቷ አንድ ልጅ ኤሊራን፣ ማታ ኢንዱስትሪ ዞን በሚሠራበት መጋዘን ዕቃ ተንዶበት ሞተ። «ጠዋት እንነግራታለን፤ እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ» አልኩ።

ልጄ ሆዲያ የማኅበራችንን ድረ ገጽ የምትሠራ ፕሮግራመር ናት። የቀብሩን ማስታወቂያ ከነፎቶው «ረቂቅ» በሚባለው ዝግ ክፍል አዘጋጅታ፣ ሙላቷ ከሰማች በኋላ ልትከፍተው ነበር። ፕሮግራሟ በ«ረቂቅ» የሚያልቀውን መነሻ አድራሻ ከገጹ ስም ጋር ያጋጥማል። መነሻው መጨረሻ ላይ ጋደል ያለች ጭረት ከሌለችው ግን፣ የመጨረሻውን ቃል ጥሎ የገጹን ስም በቦታው ይተካል። ሆዲያ ጭረቷን ረሳች። «ረቂቅ» የሚለው ወደቀ፤ ማስታወቂያው አደባባይ ወጣ።

ጠዋት ሽማግሌዎቹን ይዤ ስወጣ ከኋላዬ እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባ፣ ስሊኻ፣ ይቅር በለኝ… ገጹ ፓቱዋኽ ነው፤ ለሁሉም ክፍት። ጭረቷን ሳላደርግ…»

«ዝጊው!»

«ዘጋሁት አባ። ሰው ግን አይቶታል።»

አንዲት ጭረት! የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ሙላቷ በሯን ከፍታ ጠበቀችን። ወንበሮቹን ደርድራለች። ያልተፈታ የሽንኩርት ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ማልጄ ገበያ፣ ሹቅ ወርጄ ነበር» አለች። «ሽንኩርት ስመርጥ ጎረቤቴ ብዙአለም ደወለች። ማስታወቂያው ከወጣ እኔ የሰማሁ መስሏት ነው፤ አትቆጧት። ‹እግዜር ያጥናሽ› አለችኝ። ‹በማን?› አልኳት።»

ሆዲያ ከኋላዬ ስታለቅስ ይሰማኛል።

«እዚያ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ሰው ሽንኩርት ይገዛል። እናንተን ልጠብቅ ብዬ መጣሁ።» ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች። «በል ንብረት፣ በወጉ ንገረኝ። እንዳልሰማሁ ሆኜ እሰማለሁ።»

ስንት ቤት መርዶ ተናግሬአለሁ። ወንበር ስቤ ከፊቷ ተቀመጥኩ።

«ሙላቷ» አልኩ፤ «ልጅሽ ኤሊራን…»

ያኔ ጮኸች።