የፒዳዳ ሽሮፕና የሩካያ ቤት

"ቶሎ በሉ፣ ጀልባዋ ደረሰች" አለች ዊናርሲ፣ የጠርሙሶቹን አፍ በንጹህ ጨርቅ እየወለወለች።

የመንደሩ ሴቶች በባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከሚበቅለው ከማንግሮቭ ዛፍ ከለቀሙት የፒዳዳ ፍሬ የሠሩትን ሽሮፕ በየብርጭቆው ቀድተው፣ በቀርከሃው የጀልባ ማረፊያ ላይ ባለው ጠረጴዛ ደረደሩት። ዊናርሲ ከከተማ እየተመላለሰች ጭማቂውን እንዴት እንደሚያጠልሉ፣ ጠርሙሱን እንዴት እንደሚያሽጉ ያስተማረቻቸው ለዚህ ቀን ነበር። ባሕሩ መጀመሪያ የሩዝ ማሳቸውን፣ ቀጥሎም የዓሣ ኩሬያቸውን ከዋጠው ወዲህ ለመንደሩ የቀረው ይኸው ዛፍ ነው። ዛሬ የሚመጣው አስጎብኚ ነገሩን ከወደደው በየሳምንቱ እንግዳ ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቷል።

የጃካርታ እንግዶች ከጀልባዋ ወርደው ቀመሱ።

"ደስ ይላል፤ ትንሽ ጎምዘዝ ይላል እንጂ" አለች አንዷ፣ ብርጭቆዋን ሳትጨርስ እያስቀመጠች። ጎኗ ያለው ሰውዬ ጠርሙስ አንስቶ አገላብጦ አየና መልሶ አኖረው። ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ።

ከዛፎቹ ባሻገር የሴቶቹ ማኅበር ሊቀመንበር የሩካያ ቤት ይታያል። ባሕሩ በገፋ ቁጥር ወለሉን በአፈር እየደለደሉ ከፍ ስላደረጉት በሩ አጥሮ መስኮት መስሏል።

"ሰው ይኖርበታል?" አለ ሰውዬው። "ገብተን ማየት አይቻልም?"

አስጎብኚው ባግዮ ዊናርሲን ወደ ዳር ሳብ አደረጋት።

"እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ ለሽሮፑ ብቻ ጀልባ አላመጣም። ያቺ ቤት ከታከለችበት ግን በየሳምንቱ እመጣለሁ። ሽሮፑንም በዚያው ይገዛሉ።"

"የሰው ቤት እኮ ነው፣ ባግዮ። ባሏ ሰርማን ሽባ ሆኖ ውስጥ ተኝቷል።"

"እኔ ምን ላድርግ? የጠየቁት ቤቱን ማየት ነው።"

ሩካያ ሰምታ ኖሮ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"ይግቡ" አለች።

"ተይ እማማ፣ ሌላ አስጎብኚ እፈልጋለሁ።"

"ከየት ታመጪዋለሽ ልጄ? ይሄንንስ ስንት ደጅ ጠንተሽ አይደል ያገኘሽው?"

ዊናርሲ ያልደወለችለት አስጎብኚ አልነበረም፤ ስልኳን ያነሳላት ባግዮ ብቻ ነው።

"ደግሞ አንቺው ነሽ ያስተማርሽን" አለች ሩካያ። "እናንተ የወደዳችሁትን ሳይሆን እንግዳው የጠየቀውን ሽጡ ብለሽ።"

"ስለ ስኳሩ መጠን ነበር ያልኩት።"

"አውቃለሁ።" ሩካያ ወደ ቤቷ አየች። "እኔስ ግድ የለኝም። ሰርማን ግን ስልክ ሲደቅኑበት ፊቱን ማዞር እንኳ አይችልም። እሱ ነው የሚከብደኝ። ጎረቤት እንዳላስቀምጠው ደግሞ የሁሉም ወለል ውሃ ነው።"

"የእኔን ቤት ቢያዩማ ዋናተኛ መሆን ነበረባቸው" አለች ከሴቶቹ አንዷ ቱሚና፣ ከጠረጴዛው ማዶ። ማንም አልሳቀላትም።

እንግዶቹ በቀርከሃው መሸጋገሪያ ላይ ተከታትለው ሄዱ። ሴቶቹ ከጠረጴዛው ኋላ ቆመው ዊናርሲን ያዩአታል፤ አንዳቸውም አስቁሚያቸው አላሏትም፣ አንዳቸውም ተያቸው አላሏትም። ብታስቆማቸው ጀልባዋ አትመለስም፣ ይሄ ሁሉ ጠርሙስም እዚሁ ይቀራል። ብትተዋቸውም ከዚህ በኋላ እነዚህን ሴቶች ምን ብላ እንደምታስተምራቸው አታውቅም። የያዘችውን ጠርሙስ አስቀምጣ ተከተለቻቸው።

በሩ ላይ ስትደርስ ባግዮ "ጭንቅላታችሁን ጠብቁ" እያለ ነበር። ስልኮች ወጥተዋል።

"ይቅርታ፣ አሳልፉኝ" ብላ በመካከላቸው አለፈችና ጎንበስ ብላ ቀድማ ገባች።

ውስጡ ጨለም ያለ፣ የረጋ ጨዋማ ውሃ የሚሸት ነው። ሰርማን አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ በዓይኑ ብቻ ተከተላት።

"አባባ፣ እንግዶች መጥተዋል" አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ልክ ከፊቱ ትይዩ ተቀመጠች። ከኋላዋ ጎንበስ እያሉ ሲገቡ፣ የስልኮቹ ብርሃን ግድግዳው ላይ ብልጭ ብልጭ ሲል አየች።

"እህት፣ ትንሽ ፈቀቅ ትይልን?" አለች አንዷ በትሕትና።

ዊናርሲ ብርድ ልብሱን ወደ ሰርማን አገጭ ሳብ አደረገችለት። አልተነሳችም።