የባለግቢው አዋሳኞች

አያቴን ሰፈሩ «ባለግቢው» ይለው ነበር። ሙገሳ እንዳይመስላችሁ። አያቴ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ነው። ነገር ግን ከፊት ለፊታችን ያለውን ባለ ድንጋይ አጥር ትልቅ ግቢ «የአባቴ ነው፤ አባቴ ሲሞት ሞግዚት ተብሎ የተሾመብኝ ሰው ቀማኝ፤ ዳኛ ቢፈርድልኝም አልመለሰልኝም» እያለ ኖሮ፣ እንዲሁ እያለ ሞተ። የፍርዱ ወረቀት የታለ ሲሉት ጠፋ ይላል። ጠፋ ካለ በኋላ ማን ይሰማዋል? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ይስቁበታል። ፀጉር አስተካካዩማ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ባለግቢው፣ እስቲ አዋሳኝህን ንገረን» እያለ እንደ ሬዲዮ ይከፍተው ነበር።

እሱም ይናገራል። ፍርዱ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው እያለ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ፦ «በምሥራቅ የቆዳ ፋቂው ቤት፣ በምዕራብ ባለ ደረጃው መንገድ፣ በላይ ወፍ የማይጠጣው ጉድጓድ፣ በታች የሁለቱ እህትማማቾች አጥር።» የሰፈሩ ልጆች ይህንን ገመድ መዝለያ አደረጉት። እኔም ከእነሱ ጋር ዘልዬበታለሁ። ዜማው ለገመድ ይመች ነበር።

እናቴ ግን በፀጉር አስተካካዩ በር አታልፍም። ገበያ ስትሄድ ዘንቢሏን ይዛ በታች ትዞራለች፣ በጎርፍ መውረጃው በኩል። ለምን ስንላት «በዚያ ይሻላል» ትላለች። ምኑም አይሻልም፤ ጭቃ ነው።

የዚያ ግቢ ልጅ አድጋ የሕግ ታሪክ ዶክተር ሆነች። ከሕፃንነቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለገባች ከእኛ ጋር ገመድ አልዘለለችም። ትምህርቷን ጨርሳ ስትመለስ አንድ መጽሔት አቋቋመች፤ ስለ ድሮ ችሎቶችና ስለ ድሮ ሕጎች የተጠና ጥናት የሚወጣበት፣ ማንም በስልኩ ከፍቶ ያለ ክፍያ የሚያነበው መጽሔት። ገጽ የሚያቀናብር፣ ድረ ገጹንም የሚጠብቅ ሰው ስትፈልግ የጎረቤት ልጅ ነች ብላ እኔን ቀጠረችኝ። ልዋሽ አልፈልግም፣ ወደድኳት። ጥናቶችን ቆልፈው ለሚሸጡት ትልልቅ አሳታሚዎች ጀርባዋን ሰጥታ፣ «ሕዝብ የተዳኘበትን መዝገብ መልሶ ለሕዝቡ መሸጥ ነውር ነው» ስትል በየስብሰባው ይጨበጨብላታል። እኔም ከኋላ ወንበር ሆኜ አጨበጭባለሁ። ቢሮዋ ግድግዳ ላይ በትልቁ አትሜ የሰቀልኩላት ጽሑፍ አለ፦ «እኛ ቁልፍ የለንም»።

አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ከምታስተምራቸው ተማሪዎቿ የአንዱ ጥናት ለቅንብር ደረሰኝ። ልጁ የሌላ ከተማ ሰው ነው፤ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ሲቅም ከርሞ፣ ሞግዚቶች የወላጅ አልባ ልጆችን ንብረት እንዴት እንደያዙ ጽፏል። እንደ ደንባቸው የባለጉዳዮቹን ስም በፊደል ሸፍኗል፦ ሟች ሀ፣ ሞግዚት ለ፣ ልጅ ሐ። አዋሳኞቹን ግን ከመዝገቡ ቃል በቃል ነው የገለበጣቸው። አዋሳኝ ከተነካ ማስረጃው ማስረጃ አይሆንም ይላሉ የሙያው ሰዎች። ዶክተሯ ደግሞ የተማሪ ጽሑፍ ሲመጣላት መግቢያና መደምደሚያውን አንብባ፣ መሐሉን ለእግዜር የምትተው ሰው ናት። አመስግናው ፈርማ ላከችልኝ።

መስመር እያስተካከልኩ ወደ መሐሉ ስደርስ፣ «በምሥራቅ የቆዳ ፋቂው ቤት፣ በምዕራብ ባለ ደረጃው መንገድ…» ይላል። ከጠረጴዛው ሥር እግሬ ለመዝለል ቃጣው። ጉድጓዱም አለ፣ ወፍ የማይጠጣው። እህትማማቾቹም አሉ። ከዚያ በታች፦ «ልጅ ሐ ለአካለ መጠን ስለደረሰ፣ ሞግዚት ለ ግቢውን ያስረክብ ሲል ችሎቱ ወስኗል። ውሳኔው ስለመፈጸሙ መዝገቡ አያሳይም።»

አለቀስኩ። ሰው እንዳያየኝ እስክሪኑ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም። ለዶክተሯ ልንገራት ወይስ አልንገራት ብዬ አሰብኩ፤ ገምጋሚዎች አሳልፈውታል፣ እሷም ፈርማበታለች፣ እኔ የምጨምርበት ምን አለ? በቀኑ ድረ ገጹ ላይ ለቀቅኩት።

ለእናቴ ሳነብላት «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «አሁንም ድገሚው።» ከዚያ ተነስታ ዘንቢሏን ያዘችና ወጣች፤ በታች ሳይሆን በላይ። ተከተልኳት። ፀጉር አስተካካዩ አርጅቷል፣ መነጽር አድርጓል፤ ምላሱ ግን ያው ነው። ስልኩ ላይ ከፈትኩለት። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እንዲሰሙት ጮክ ብሎ አነበበ። አዋሳኞቹ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝግ አለ።

«ወፍ የማይጠጣው ጉድጓድማ ሌላ የት አለ?» አለ አንዱ ከወንበሩ።

ፀጉር አስተካካዩ መነጽሩን አወለቀ። «ሰውዬው እውነቱን ኖሯል! እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ሳሾፍበት… ነፍሱን ይማረው። እባክሽ ይቅር በይኝ።»

«እውነቱን ኖሯል» አለች እናቴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትገዛው ነገር ባይኖርም በዚያ በር ታልፍ ነበር። ወንዶቹ ብድግ ብለው ሰላም ይሏታል። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሙሽራ እናት ነበር የምትሄደው። በሕይወቴ እንደዚያ ስትሄድ አይቻት አላውቅም።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የዶክተሯ ነጋዴ ወንድም ግቢውን ለአንድ ሕንፃ ሠሪ ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር ለካ። ጥናቱ ለሁሉም ክፍት ነው አላልንም? የገዢው ጠበቃም ከሁሉም አንዱ ነው፤ አነበበውና ገዢው አመነታ። ወንድምየው ቢሮ ድረስ መጥቶ እህቱን «ማን ክፈቺው አለሽ?» ብሎ ጮኸባት። ሲወጣ እኔን አየኝና «ወጪት ሰባሪ!» አለኝ። ከእኛ ቤት ግቢውን የጠየቀ ሰው የለም። ጊዜው ካለፈ ክስ አይሰማም የሚል፣ ይርጋ የሚባል ነገር እንዳለ እኔም ገጽ ሳቀናብር አንብቤያለሁ። እኛ የፈለግነው ግቢውን አልነበረም።

በማግሥቱ ዶክተሯ ጠራችኝ። «ያንን ጽሑፍ ከድረ ገጹ አንሺው።»

«ምን ስህተት ተገኘበት ዶክተር?»

«ስህተት አላልኩም። ለተጨማሪ ማጣሪያ ነው።»

«ማጣሪያው መቼ ያልቃል?»

«ነገሩ ሲበርድ። አንቺ ደግሞ መዘዝ አትፈልጊ፤ ዝም አይነቅዝም።»

«ልጅ ሐ የተባለው አያቴ ነው እኮ።»

አላፈረችም ልል አልችልም፤ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋችና በለሰለሰ ድምፅ፣ «አውቃለሁ። ያነበብኩት ሰሞኑን ነው» አለችኝ። «ቅጂው አንቺ ጋ አለ አይደል? አስቀምጪው። ለአንቺና ለእናትሽ ይሁን። ማን ይከለክላችኋል?»

«ለእኛ ብቻ ምን ያደርግልናል? አያቴ የተሳቀበት እኮ ቤት ውስጥ አይደለም፤ መንገድ ላይ ነው፣ ሁሉም ሰው ፊት። የሚነበብለትም እዚያው ነው። እርስዎ አይደሉ እንዴ ሁሉም ሰው ያንብብ የሚሉት?»

«ልጅ አትሁኚ» አለችኝ።

አላነሳም አልኩ። የእኔ ወንበር ላይ ራሷ ተቀምጣ አነሳችው። ስላልለመደችው ብዙ ተንገላታች፤ አንዴ እንዲያውም የቱ ጋ ነው የሚነካው ብላ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም። በቦታው «ይህ ጽሑፍ በአዘጋጇ ውሳኔ ተነስቷል» ብላ ጻፈች። ወዲያው የይለፍ ቃሉን ቀየረችው። እኔም ጃኬቴን አንስቼ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። «እኛ ቁልፍ የለንም» የሚለው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ፊደሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያምራል።

ተማሪውን ደወልኩለት። «እህቴ፣ መመረቂያዬ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት» አለና ዘጋው። አልፈረድኩበትም፤ ትንሽ ግን ረገምኩት። መዝገብ ቤት ሄጄ ዋናውን ፋይል አሳዩኝ ብል፣ ከመጽሔቱ የትብብር ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። መጽሔቱ ማለት እሷ ናት።

ቢሆንም ቅጂው በእጄ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ «ማንም ሰው ምንጩን ጠቅሶ ሊያባዛው ይችላል» የሚል መስመር አለ፤ ለዓመታት በገዛ እጄ ሳስገባው የኖርኩት መስመር። አተምኩና እናቴን ይዤ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄድኩ።

ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ስልኩንም አየ። «እዚህ ተነስቷል ይላል።»

«ግቢያቸውን ሊሸጡ ስለሆነ ነው ያነሱት።»

«እውነት ቢሆን ይነሳ ነበር? ዶክተር የሚያህል ሰው ዝም ብሎ ያነሳል?» ወረቀቱን በብርሃን በኩል አገላበጠው። ክፋት አልነበረበትም፤ ያ ነው የሚያናድደኝ። «አንቺ ልጅ፣ የአንቺ ሥራ ይሄ አይደለም እንዴ? ፊደሉን፣ መስመሩን፣ ቁጥሩን የምትደረድሪው አንቺ ነሽ። የፊተኛውንም የሠራችው እሷ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እውነቱን ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ዓረፍተ ነገሩ የእኔ አይደለም፣ የእኔ መስመሩ ብቻ ነው ልበል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኛው ጠርቶ ነበር፤ እኛ እያየነው መልሶ ጨለመ።

ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ሳቀ። «የባለግቢው የልጅ ልጅ! እስቲ አዋሳኝሽን ንገሪን።»

ሁሉም ሳቁ። ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ እንዳይስቅ ታገለ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ። ዞር ስል እናቴ ከኋላዬ የለችም።

በማግሥቱ ጠዋት ዘንቢሏን ይዛ ወጣች። ዝናብ ሲጥል አድሮ ነበር። «በላይ በኩል እንሂድ እማዬ፣ እኔ አብሬሽ አለሁ» አልኳት። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ወደ ጎርፍ መውረጃው ታጠፈች።

«በዚህ ይሻላል» አለችኝ።