ወፏ ያገተችው መኪና

አባቴ ቨርሊን በትዳር ዘመኑ ሁሉ የሽንት ቤት ብሩሽ ሲይዝ ያየው ሰው የለም። ጡረታ ወጥቶ፣ ቤታችንን ሸጦ አውቶቡስ የሚያክል የመኪና ቤት ከገዛ በኋላ ግን አዮዋ ላይ በረዶ ሲጀምር እየተነሣ ቴክሳስ የባሕር ዳርቻ ድረስ ይነዳል፤ እዚያም የማያውቃቸውን ሰዎች ሽንት ቤት በነጻ ያጥባል። ይህ በጎ ፈቃደኝነት ይባላል። ፓርኩ በምላሹ መቆሚያ ቦታ፣ ውሃና መብራት ይሰጠናል፤ ለአባቴ ደግሞ ጀርባው ላይ «አስተናባሪ» ተብሎ የተጻፈበት ብርቱካናማ ሰደርያ ሰጥቶታል። ሰደርያውን የሚያወልቀው ለሻወርና ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ስለ እንቅልፉ እርግጠኛ አይደለሁም።

ዕድሜውን ሙሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ነበር። ጡረታ በወጣበት ዓመት ኮሪደር ላይ የሚሮጥ ልጅ አጥቶ ከሰውነት ተራ ወጥቶ ነበር። እዚህ ውሻውን ያላሰረ፣ ጣሳውን አሸዋ ላይ የወረወረ፣ ሰው ከተኛ በኋላ ጊታር የሚነካካ መንገደኛ ሞልቷል፤ ነፍሱ ተመለሰችለት። ጠዋት ጠዋት እናቴንና እኔን አስከትሎ ዳርቻውን ይወርዳል። እሱ በዘንጉ ይጠቁማል፣ እኛ በከረጢት እንለቅማለን። የተበጠሰ መረብ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ሁልጊዜም የአንድ እግር ነጠላ ጫማ። ሁለተኛውን እግር አግኝቼ አላውቅም።

እናቴ ማርዲስ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበረች። የራሷ ፒያኖ በዘመዷ የትራክተር መጋዘን ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ ቆሟል፤ አይጥ እንደ ገባበት ሰምታለች። መኪናው ውስጥ ፒያኖ አይገባም። ትልቁ ድስቷም አልገባም፤ ክብደት ይጨምራል ተባለ። የአባቴ ወረቀት በላስቲክ የሚለብጥ ማሽን ግን ገብቷል። አባቴ በየዓመቱ «የሚመጣው ዓመት እንረጋጋለን» ይላታል። እኔ ብሪታ ልጃቸው ነኝ። ከፍቅረኛዬ ተለያይቼ ለሁለት ሳምንት ልረጋጋ መጥቼ አምስት ወር ቆይቻለሁ። ራት በበላሁበት ጠረጴዛ ላይ እተኛለሁ፤ ጠረጴዛው ታጥፎ አልጋ ይሆናል፣ አልጋው ግን ጠረጴዛነቱን አይረሳም።

በዚህ ዓመት እናቴ ቤት አገኘች። ሉቬርን የምትባል የድሮ የመዘምራን ጓደኛዋ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነውና ትንሿን ነጭ ቤቷን ለእናቴ ልትሸጥላት ቃል ገባች። ምድር ቤት ያላት፣ ሳሎኗ ፒያኖ የሚያስገባ፣ የማትንቀሳቀስ ቤት። ችግሩ የሉቬርን ልጅ ሌላ ገዢ ማምጣቱ ነው። ሉቬርን «እስከዚህ ወር መጨረሻ ቅዳሜ አስቆመዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አቅም የለኝም፤ መጥተሽ ፈርሚ» አለቻት። አባቴ ማክሰኞ እንደምንነሣ፣ ሁሉም የየቤቱን ምግብ ይዞ በሚመጣበት የአርብ ራት ላይ፣ በሰው ፊት ተናገረ። እናቴ ያን ምሽት ካሮት የገባበት፣ ጄሎ የሚሉት የሚርገበገብ አረንጓዴ ጣፋጭ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ጄሎ አትወድም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ የውሃውን ቱቦ ሊፈታ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ጓሮው ውስጥ ነዳጅ ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

«ማርዲስ፣ እንቁላል አለ» አላት።

«ፍሪጅ ውስጥ ነው?»

«መኪናው ሥር ነው።»

ወጥተን አየን። ከኋላ ጎማው ጀርባ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ጠጠር የመሰሉ አራት እንቁላሎች። ደረቷ ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ያሰረች አንዲት ወፍ ወዲያና ወዲህ እየተሯሯጠች ትጮኽብናለች። ኪልዲር ይሏታል። ጎጆ አትሠራም፤ ባገኘችው ጠጠር ላይ ጣል አድርጋ ትተኛበታለች። የአገሩ ሕግ ደግሞ እንቁላሏን መንካትም ማንሣትም ይከለክላል።

ቁርስ ሳይቀርብ ብርቱካናማ ሾጣጣዎች ተተከሉ፣ ገመድ ተዘረጋ፣ የመለበጫው ማሽንም ሞቀ። «እንቁላል የታቀፈች ወፍ። አትለፉ። አስተናባሪው።» እናቴ ምልክቱን አንብባ ቆየች።

«ለስንት ጊዜ ነው?» አለችው።

«እስኪፈለፈሉ ነዋ። ወር ገደማ።»

«ቅዳሜስ?»

«የኔ ፍቅር፣ እኔ አልወለድኳቸውም።»

እኩለ ቀን ሳይሆን ሰፈርተኛው ሁሉ ተጣጣፊ ወንበሩን ይዞ ገመዱ ዳር ተሰለፈ። ጡረተኛ ወሬ ሲያገኝ እንዴት እንደሚጣፍጠው ያላየ ሰው አይገባውም። መኪናዋን ከጎናችን ያቆመችው አርዲት፣ ከሚኒሶታ የመጣች ሴትዮ፣ ወፏን ግሬስ ብላ ሰየመቻት። አንዱ ቴሌስኮፕ አቆመ፤ ከወፏ በአምስት እርምጃ ርቀት። ሁሉም አባቴን እየጨበጡ «አንተ ባትኖር ምን ትሆን ነበር» ይሉታል። እሱ ባይኖር መኪናውም አይኖርም፤ መኪናው ባይኖር ወፏ የትም ትወልድ ነበር። ግን ይህን ለማን ትነግራለህ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ልብስ ስታሰጣ አርዲት ቀረበቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ ለቤት ብለሽ ነው አሉ የምትቸኩዪው።»

«ለቤት ነው።»

«ቤትማ ይገኛል። አራት ነፍስ ግን ከየት ይመጣል?»

«ትናንት የዶሮ እንቁላል ሰላጣ ይዘሽልን አልመጣሽም?» አለቻት እናቴ፣ መቆንጠጫውን ከአፏ ሳታወጣ።

አርዲት ደረቷን ይዛ ሄደች። በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ እናቴን «ደህና አደርሽ» የሚል ሰው ሳሳ። ለወፍ ያለቀሰ ሁሉ ለሴትዮዋ ጀርባውን ሰጠ።

እኔ ማክሰኞ ጠዋት በስልክ የፓርኩን ጠባቂ ዮላንዳን ጠራኋት። ዮላንዳ እዚሁ ዳርቻ ላይ ተወልዳ ያደገች፣ ዔሊም ቱሪስትም ስትጎትት የኖረች ሴት ናት። መጣች፣ ገመዱን አለፈች፣ በሆዷ ተኛች፣ አየች፣ ተነሣች፣ ጉልበቷን አራገፈች።

«ሚስተር ቨርሊን፣ መልካም ዜና ይዤልዎታለሁ። እንቁላሉ ከጎማው ኋላ ነው። ቀጥ ብለው ወደ ፊት ቢወጡ በአጠገቡም አያልፉም። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ እመራዎታለሁ። ወፏ ለአፍታ ትነሣና ተመልሳ ትታቀፋለች።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ ደግሞ መልካም ዜና የተነገረው ሰው አይመስልም ነበር።

«ፍሬኑ ሲለቀቅ መኪናው ትንሽ ወደ ኋላ ይላል» አለ።

«ጎማው ኋላ እንጨት እናደርጋለን።»

«ጭሱስ?»

«ወፏ የምትኖረው መኪና መቆሚያ ውስጥ ነው ሚስተር ቨርሊን።»

«እሱም ልክ ነው። ግን ይሄ ጉልበቴ…» ብሎ ጎንበስ አለና ቀኝ ጉልበቱን ያዘ። «ፔዳሉን አላምነውም። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ነው።»

«እኔ ልንዳልዎት?»

«ኢንሹራንሱ አይፈቅድልሽም የኔ ልጅ።»

በዚህ መካከል ወፏ ከእግራችን ሥር ብድግ ብላ አንድ ክንፏን ጠጠሩ ላይ እየጎተተች፣ እየተንፈራገጠች፣ ልትሞት የቀራት ትንሽ እንደ ሆነ እየጮኸች ወደ መንገዱ ተንፏቀቀች። ከወንበረኞቹ አንዷ «ውይ ተሰበረች» አለች።

«ምንም አልሆነችም» አለች ዮላንዳ። «የተሰበረች የመሰለችው ከጎጆዋ ልታርቀን ነው። ብንከተላት ራቅ ስትል ድንገት ብር ትላለች።»

እናቴ ወፏን አየች። ከዚያ የአባቴን ጉልበት አየች። እኔም አየሁ። አባቴ እጁን ከጉልበቱ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ።

ዮላንዳ አስተዋይ ሴት ናት፤ ሌላ ሥራ እንዳላት ትዝ አላትና ሄደች።

መኪናው ውስጥ ገባን። የመኪና ቤት ለጠብ አይመችም፤ በር ዘግተህ የምትገባበት ሌላ ክፍል የለም። እኔ አልጋዬን ጠረጴዛ እያደረግሁ ሁሉንም ሰማሁ።

«ቨርሊን፣ ወፏ ባትኖር ትነሣ ነበር?»

«ባትኖር ተብሎ አይጠየቅም፤ አለች።»

«ትነሣ ነበር ወይ ነው ያልኩህ። ተማሪህ አይደለሁም፣ በጥያቄ አታዙረኝ።»

ውጭ አርዲት ለአዲስ መጤ ስለ ግሬስ ታስረዳለች።

«እዚያ ሄጄ ምን ልሁን ማርዲስ? በረዶ ልጥረግ? ቡና ቤት ገብቼ ከእነ ዌንደል ጋር የበቆሎ ዋጋ ላውራ? እዚህ ጠዋት ከዚህ በር ስወጣ የሚጠብቀኝ ሰው አለ። ሽንት ቤቱ እንኳ ይጠብቀኛል።»

የማይወደድ ሰው አይደለም አባቴ፤ አናዳጅነቱ እዚህ ላይ ነው። ለአንዲት ደቂቃ አዘንኩለት። እናቴም ያዘነችለት መሰለኝ፤ ትከሻው ላይ ሰደርያውን አቃናችለት።

«ይህን ባለፈው ዓመት ብትነግረኝ ኖሮ» አለችው፣ «አልቅሰን ተነጋግረን አንድ ነገር እንወስን ነበር። አንተ ግን ወፍ እስክትወልድልህ ጠበቅህ።»

ከዚያ ወጣች።

ሻንጣዋ በመኪናው ሆድ፣ ከሥር ባለው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው፤ የሆዱ በር ደግሞ ከገመዱ ወዲያ ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እያየ፣ እናቴ፣ በሕይወቷ ቀይ መብራት ጥሳ የማታውቅ ሴት፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገመዱን ተራመደችው።

«ማርዲስ፣ ገመዱ» አለ አባቴ ከበሩ ላይ።

«ክሰሰኝ።»

ወፏ ጮኸች። አርዲት ጮኸች። እናቴ ሻንጣዋን አወጣች፣ የሆዱን በር ቀስ ብላ ዘጋች፣ እንቁላሎቹን በሰፊው ዞራ ወጣች። ጠጠር እንኳ አላንኳኳችም። ጥንቃቄዋን ግን ያስተዋለላት የለም፤ መጣሷን ሁሉም አይቷል።

ስንጓዝ ከመኪናው ኋላ ታስራ የምትጎተት ትንሽ መኪና አለችን። ለገበያ ነው የምንይዛት። እናቴ ሻንጣዋን ጫነችና በመንጃው በኩል ገባች። ከተጋቡ ጀምሮ ረጅም መንገድ የሚነዳው እሱ ነው፤ መሪውን እንዴት እንደ ጨበጠችው ሳይ ቦርሳዬን ይዤ ጎኗ ገባሁ።

«አንቺን አልጠራሁሽም» አለችኝ።

«ጠረጴዛ ላይ መተኛት ሰለቸኝ።»

አባቴ መጣ። ሳያነክስ ነው የመጣው። በመስኮቱ በኩል የጎማ ንፋስ መለኪያውን አቀበላት፤ ያንን መለኪያ ለማንም አያውስም።

«የፊት ግራው ንፋስ ይቀንሳል። ኦክላሆማ ስትገቡ ለኩት። ሲበርድ ለኩት፣ እንደ ሞቀ አትለኩ።»

«እሺ።»

«ነዳጅ ግማሽ ሲሆን ሙሉ፣ ሩቡን አትጠብቁ።»

«ቨርሊን፣ ና ግባ። ከኋላ ቦታ አለ። ወፏን ዮላንዳ ታያታለች።»

ወደ ገመዱ ዞረ። አርዲት ከወንበሯ ሆና እጇን አውለበለበችለት። ሰደርያውን ነካ አደረገ።

«ሰው ይጠብቀኛል» አለ።

እናቴ መስኮቱን ዘጋችው።

ዳላስን እስክናልፍ መሪውን በሁለት እጇ አጥብቃ እንደ ያዘች ነበረች። ካንሳስ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋባት፤ እሷም መልሳ ነፋችበት፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ቀለላት። አርብ ማታ ደረስን፤ ቅዳሜ ጠዋት ሉቬርን፣ ልጇና ጠበቃው ባሉበት ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፈረመች። የሉቬርን ልጅ ደስ አላለውም። ሉቬርን «ባልሽስ?» ስትላት «ወፍ ይጠብቃል» አለቻት፤ ሉቬርንም አዮዋ ውስጥ እንደሚደረገው ተጨማሪ አልጠየቀችም፤ ኬክ ቆረሰች።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ባዶው ሳሎን ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ መካከላችን አስቀመጠችው። ከጀርባው ንፋስና የባሕር ወፎች ይሰማሉ።

«ደረሳችሁ?»

«ፈርሜያለሁ።»

«ጎማውስ?»

«ለካነው። ቀንሶ ነበር።»

«አላልኩሽም?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ደስታ ነበረ። «ስሚ… ግቢው እንዴት ነው? ትልቁን መኪና ማቆሚያ ይኖረዋል?»

እናቴ ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ጎተራው ዳር ሁለት አውቶቡስ የሚያስቆም ጠጠር የለበሰ ቦታ አለ። እኔም አይቼዋለሁ።

«የለውም» አለችው። «ለአንተ ግን አለ። የሚተኛበት አልጋ፣ የሚጠረግ በረዶ፣ ሁሉም አለ።»

«ለመኪናው ቦታ ከሌለ እንግዲህ…»

«የለም ያልኩህ ለመኪናው ነው እኮ።»

ከሩቅ ውሻ ጮኸ።

«አንድ ያልታሰረ ውሻ አለ» አለ አባቴ፣ በጥድፊያ። «ወደ ግሬስ እየሄደ ነው። መልሼ ልደውልልሽ?»

እናቴ አልመለሰችለትም። ጠበቀ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። እሷ ስልኩን ገልብጣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና ጫማዋን አወለቀች።

«አልዋሸሁትም አይደል?» አለችኝ።

«ዋሽተሽዋል እማዬ። ሁለት መኪና ይቆማል።»

«ይሁን» አለች፤ ተነሥታም በባዶ እግሯ የየክፍሉን በር እየከፈተች እየዘጋች ዞረች።