የጽጌረዳው አደራ

ሰው ግቢውን ትቶ ለበዓል ሲሄድ ቁልፉን የሚሰጠው ወይ ለሚያምነው ነው፣ ወይ እምቢ ለማይለው። እኔ የሰጠሁት እምቢ ለማትለው ነበር።

ሚስጥር ትባላለች። ሽምብጥ ሰፈር ከአጥራችን ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ የሠራተኛ ልጆች ትጠብቃለች። እናቶቹ ጠዋት ወደ ባንክ፣ ወደ ኮሌጅ፣ ወደ ፋብሪካ ሲሄዱ ሕፃናቱን ያስረክቧታል፤ ማታ ታጥበውና ጠግበው ይረከቧቸዋል። ስድስት ነበሩ። ባሏ ሞቶባት ከቆላ ድባ የመጣች፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። ከተማው ውስጥ ዘመድ የላትም፤ ያላት መልካም ስሟ ብቻ ነው። «ሚስጥር ጋ የዋለ ልጅ የሚያለቅሰው ወደ ቤቱ ሲወስዱት ነው» ይሉ ነበር እናቶቹ። እኔም ለመጣው ሰው ሁሉ እሱኑ እደግም ነበር።

እኔ ደግሞ ያለኝ አትክልቴ ነው። ባለቤቴ አቶ ቢያዝን ፋብሪካ ተቀጥሮ ከአዳማ ከመጣን ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው፤ ሃያ ሁለቱንም ዓመት ያን መሬት ስቆፍር ኖሬያለሁ። ከበሩ እስከ በረንዳው ድረስ አሥራ ሁለት የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ነበረኝ። የምረቃ ፎቶ የሚነሡ ልጆች ሐይቁን ትተው እኔ በር ላይ ይሰለፋሉ። ሰው ሲያደንቅልኝ ደስ ይለኛል፤ ምን ይደበቃል?

በዚያ ዓመት ደግሞ ልጄ ወንጌላዊት ለጰራቅሊጦስ እሑድ ቀለበት ልታስር ነው። ድግሱ በግቢዬ፣ በጽጌረዳዎቹ መካከል ነው። የእጮኛዋ የኪሩቤል እናት የገባችበትን ቤት ሁሉ ጉድፍ ስትለቅም የምትውል ሴት ናት። ስለዚህ አበባው እንደ ወትሮው ማበቡ አልበቃኝም፤ ሴትዮዋን አፏን እንዲያስይዛት ፈለግኩ።

ለፋሲካ አዳማ እኅቴ ጋ አሥራ አምስት ቀን ልንቆይ ትኬት ቆርጠናል። ከመሄዳችን በፊት በባጃጅ ሰባታሚት ድረስ ሄጄ ከአካሉ የዶሮ እርባታ አራት ጆንያ የዶሮ ኩስ ገዛሁ።

«እትዬ፣ ይኼ ትኩስ ነው» አለኝ አካሉ። «ሁለት ወር ተከምሮ ይብላላ። እንዲሁ ካደረጉት ሥሩን ያቃጥለዋል።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

በእርግጥም አውቃለሁ። ጰራቅሊጦስ ግን ሁለት ወር አይቆየኝም። በጉዟችን ዋዜማ ከሰዓት፣ ቢያዝን ከሥራ ሳይመለስ፣ አራቱንም ጆንያ በየጽጌረዳው ሥር አፈሰስኩና አፈር መለስኩበት። ማንም አላየኝም።

በማግስቱ ቁልፉን በአጥር ላይ ለሚስጥር አቀበልኳት።

«ጠዋትና ማታ ሥር ሥሩን ታጠጪያለሽ። ቅጠል እንዳትነኪ፣ ቅርንጫፍ እንዳትቆርጪ።»

«እሺ እትዬ ሰገነት። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው፤ እርስዎ ብቻ በሰላም ይግቡ» አለች። አንዱን ልጅ አዝላ ነበር፤ ሌላው ቀሚሷን ይዟል።

አዳማ በላን፣ ጠጣን፣ ተኛን። በፋሲካ ማግስት ሚስጥር ሦስት ጊዜ ደወለች። እንኳን አደረሳችሁ ልትል ነው ብዬ አላነሣሁትም። እንደሷ ያለ ሰው ስልኩ ባይነሣለትም አይቀየምም።

ስንመለስ የግቢውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዘጠኙ ቁጥቋጦ በቆመበት ደርቋል፤ ቅጠሉን ስነካው በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ሦስቱ ደግሞ ጭራሽ የሉም፤ የነበሩበት ጉድጓድ ብቻ አለ። ራሴን ይዤ አለቀስኩ። ለሃያ ሁለት ዓመት ድካሜ አለቀስኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ይበልጥ ያስለቀሰኝ ፊቴ ላይ የመጣው የኪሩቤል እናት መልክ ነው።

ሚስጥር ድምፃችንን ሰምታ እየሮጠች መጣች። ጎረቤቴ ወይዘሮ አደይም እንኳን ደህና ገባችሁ ልትለን በር ላይ ደርሳለች።

«እትዬ፣ እንኳን በሰላም ገቡ… ደውዬ ነበር፤ እኔ እንኳ በተቻለኝ…»

«ዝም በይ!» አልኳት። «ምን ዓይነት ዓይን ነው ያሳረፍሽበት?»

ከንዴት ያለፈ ነገር በልቤ አልነበረም። በእጄ ድንጋይ ቢኖር ድንጋዩን እወረውር ነበር፤ የተገኘልኝ ይህ ቃል ነው። ወይዘሮ አደይ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ቀስ ብላም ከሚስጥር ሁለት እርምጃ ራቀች። ሚስጥር ይህን አየች። ቁልፉን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሌባ የተባለ ሰው ቤቱ ይፈተሻል፤ ሰካራም የተባለ ትንፋሹ ይሸተታል። ዓይኗ ክፉ ነው የተባለች ሴት ምኗ ይፈተሻል?

በማግስቱ ጠዋት የደረቁትን ልነቅል መኮትኮቻ ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ገና ስቆፍር ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፤ ዓይኔ አነባ። ሥሩ ጠቁሮ እንደ ተቀቀለ ጎመን በእጄ ላይ ተልመጠመጠ። የአካሉ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ከአጥሩ ጥግ ደግሞ በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ አንድ ክምር አየሁ፤ ገለጥ ሳደርገው የኔው የዶሮ ኩስ ነው። ሚስጥር ነገሩ ገብቷት ከየሥሩ ዝቃ አውጥታዋለች። ሰው መጥቶ እንዳያይብኝም ቅጠል አልብሳዋለች። ሊተርፍ የሚችለውን ልታተርፍ ደክማለች፤ በዚያ ላይ ጥፋቴን ሸፍናልኛለች።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ። ነገር ግን ማፈርና መናገር ለየቅል ናቸው፤ የማፍረው ብቻዬን ነው፣ የምናገረው በሰው ፊት ነው። ቢያዝን ወጥቶ «ይኼ ደግሞ ምን ይሸታል?» ሲለኝ፣ «ሚስጥር ምን አድርጋበት እንደሆነ እንጃ» አልኩት። እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ወሬው እስከዚያ ሰፈሩን አዳርሷል። አደይ ለአንዷ ነገረች፤ ያቺም የራሷን ጨመረችበት። በሳምንቱ የሚስጥር አባት ቀጥቃጭ ነበር ተባለ፤ ሰውየው ግን ቆላ ድባ ገበያ እህል ሲነግድ ነው የኖረው። ባሏንም የበላችው እሷ ናት ተባለ። መጀመሪያ የባንክ ሠራተኛዋ ልጅ ቀረ፤ እናቱ ጉንፋን ይዞት ነው አለች። ቀጥሎ መንታዎቹ ቀሩ። የቀሩት ሦስቱም ሲመጡ አንገታቸው ላይ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ተቋጥሮ ነው። ሚስጥር ያን ቋጠሮ ውሃ ሳታስነካ ገላቸውን ታጥባቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት እኔ ዘንድ መጣች። ግቢ ብላት እምቢ ብላ ከበረንዳው ሥር ቆመች።

«እትዬ ሰገነት፣ ኩሱን ያደረጉት እርስዎ እንደሆኑ ለማንም አልተነፈስሁም» አለች። «አሁን ብናገርስ ማን ያምነኛል? ጥፋቷን በሴትዮዋ አላከከች ይሉኛል። እርስዎ አንድ ቃል ይናገሩልኝ። ኩስ በዝቶበት ነው ይበሉ። የራስዎን ስም አያንሡ፤ ያበዛችው ሚስጥር ናት ቢሉም ግድ የለኝም። ብቻ ዓይኗ አይደለም ይበሉልኝ። እነዚህ ልጆች ከሄዱብኝ እኔ በምን እኖራለሁ?»

«የፊታችን ማኅበር ላይ እነግርልሻለሁ» አልኳት። ስላት ከልቤ ነበር። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እኔም ተይ ብዬ ከለከልኳት።

የግንቦት ሚካኤል ማኅበር አደይ ቤት ነበር። የኪሩቤልም እናት በእንግድነት ተጠርታለች። ሁሉም በልቶ ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ልናገር ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ሰገነት» አለችኝ የኪሩቤል እናት ቀድማ፣ «ያትክልትሽን ነገር ሰማሁ። እኔስ ቀለበቱን ሌላ ቦታ እናድርገው ልል ነበር። ኋላ ግን በአበባው አልፎላቸው ነው አልሁ። ለልጆቹ የመጣውን አበባው ወሰደው።»

ሴቶቹ ሁሉ «እውነት ነው፣ እሰይ፣ ተመስገን» አሉ፤ ከዚያ ሁሉም እኔን አዩ። ራሴ በትኩስ ኩስ አቃጥዬው ነው ብል ምን እባላለሁ? ጅል፣ በዚያ ላይ የሰው ስም አጥፊ። ያበዛችው ሚስጥር ናት ብል ደግሞ፣ ታዲያ ለምን ዓይን አልሽ ይሉኛል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ዝም ማለት እንኳ አልሆነልኝም።

«ተመስገን፤ በአበባ አለፈልን» አልኩ።

በማግስቱ ሦስቱም ልጆች አልመጡም። በመስኮቴ አየኋት፤ እስከ ረፋድ ድረስ በሩን ከፍታ ደጃፏ ላይ ቆመች። ትንንሾቹን ፍራሾች ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ ከሰዓት መልሳ አስገባች። አምስት ቀን እንዲህ አደረገች። በስድስተኛው ቀን አከራይዋ ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ አላት።

ስትሄድ አልተሰናበተችኝም። ጠዋት በሬን ስከፍት ግን ሦስት የሕፃናት ወተት ጣሳ ተደርድሮ አገኘሁ። በየጣሳው ውስጥ አንድ አንድ ጽጌረዳ ቆሟል፤ አሳጥራ ከርክማዋለች፣ ቀያይ ለጋ ቅጠል አውጥቷል። ከነዚያ ሦስት ጉድጓዶች ነቅላ፣ ሥራቸውን አጥባ፣ ያን ሁሉ ቀን ቤቷ ውስጥ ስታስታምማቸው ነበር። አደራዬን መለሰችልኝ።

ለጰራቅሊጦስ ሦስቱንም በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸው። እምቡጥ ይዘው ነበር። የኪሩቤል እናት ጎንበስ ብላ አየቻቸውና «እነዚህስ እንዴት ተረፉ?» አለችኝ።

«ደብቄያቸው ነው» አልኩ።

«እንትፍ፣ እንትፍ፣ ከዓይን ያውጣቸው» አለችልኝ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ወንጌላዊት ተድራ ወለደች። አንድ ቅዳሜ ሰባት ወር የሆናትን የልጅ ልጄን ምሥጋናን ታቅፌ ሰባታሚት ሄድኩ፤ ከአካሉ የበሰበሰ ፍግ ልገዛ። አሁንማ ተምሬያለሁ፤ ትኩሱን አልነካም። የዶሮዎቹ ቤት በር ላይ አንዲት ሴት በአካፋ ኩስ ትዝቃለች። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ አውርዳዋለች።

«ሚስጥር?» አልኩ።

ድምፄን ለየችው። ቀና ልትል ስትል የሕፃኗን እግር አየች፤ ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ። «የወንጌላዊት ናት? ራቅ ያድርጉልኝ እባክዎ። እኔ ሕፃን አላይም።»

«ምነው ሚስጥር?»

«ምን አውቄ እትዬ። የባንኳ ልጅ ከኔ ዘንድ በወጣ በወሩ ታመመ አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው ተሳሳተ ከምል እኔ ተሳሳትሁ ብል ይቀለኛል። ኩሱ ነው ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ማኅበር ላይ በአበባ አለፈልን ማለትዎን ሰማሁ። እትዬ ሰገነት ደግ ናቸው፣ ነገሩን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እውነት ባይሆን እንዲህ አይሉም አልሁ።»

እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሷ እንኳ አሁን አታውቀውም። ኩሱ ነው፣ እኔ ነኝ፣ ዓይንሽ ንጹሕ ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ መሃል ምሥጋና ወደ ሚስጥር እጇን ዘርግታ ሳቀች። ሚስጥር የሕፃን ሳቅ ስትሰማ ራሷን ረሳችና ዘወር አለች። ፊቷ በራ፤ እንደ ድሮዋ ልትስቅላት ነበር።

እኔ ግን ነጠላዬን ስቤ የሕፃኗን ፊት ሸፈንኩ።