ቀድሞ የተሰካው ገመድ

በጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል ስክሪኑ የሁለተኛውን አልጋ ቁጥር በቀይ አብርቶ ሲጮህ፣ ሲስተሯ የክፍሉን ብቸኛ የትንፋሽ መሣሪያ እየገፋች መጥታ ጭምብሉን በልጁ አፍና አፍንጫ ላይ ደፋችው።

"የደሙ ኦክስጅን ወደ ሰባ አንድ ወርዷል" አለች። "እናት፣ እግሩን እያሻሸሽ አናግሪው። ድምፅሽን ያውቃል።"

እናቲቱ አሻሸች። መናገር ግን አቃታት፤ ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣብቋል። ልጁ ያለጊዜው ከተወለደ ሳምንት አልሞላውም። ባሏ ከማለዳ ጀምሮ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን እያካለለ ነው።

እግሩ ግን ሞቃት ነበር። እንዲያውም መዳፏን ረገጠው። ኦክስጅኑ ወደ ሰባ አንድ የወረደ ልጅ እንዲህ ይራገጣል?

ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። የማታ ትምህርት የጀመረችው ዘንድሮ ስለሆነ የምታነበው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው። አንደኛ አልጋ፣ ሰማንያ ዘጠኝ። ሁለተኛ አልጋ፣ ሰባ አንድ።

አንደኛው አልጋ ላይ ያለው የክፍል ጎረቤቷ ልጅ ነው። እናቱ ልጅ እግር ናት፤ ጨርቅ ልታጥብ ወጥታለች። ሕፃኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዝም ብሏል። ዝምታው በዛባት።

ያን ጊዜ ጠዋት ያደረገችው ትዝ አላት።

ጠዋት ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነበር። የግድግዳው ሶኬት ሁሉ በመሣሪያ ተይዟል። ባሏ መድኃኒቱን ቢያገኝ በምን ያገኛታል? ከስክሪኑ ኮምፒውተር ኋላ፣ የልጆቹን ኦክስጅን የሚለኩት ከሁለቱ አልጋዎች የመጡ ገመዶች ተጠባብቀው መሐል ያለውን ቀዳዳ ሸፍነውታል። ሁለቱንም ነቀለች፣ ስልኳን ሰካች፣ ገመዶቹንም ወዲያው በየቀዳዳቸው መለሰች። አላቀያየረችም፤ ልብ ብላ ነው የያዘችው። የራሷን ልጅ ግን አስቀደመች። የትኛዋ እናት አታስቀድምም?

ገመዶቹን የዘረጋው ቴክኒሻን ለሲስተሯ ሲያስረዳ እሷም ሰምታለች። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከርነል የሚባል አዛዥ ፕሮግራም አለ፤ ገመድ ሲሰካ ቋንቋውን የሚያውቅ ድራይቨር ይመድብለትና ቁጥር ይሰጠዋል፣ ብሎ ነበር።

"ቀድሞ የመጣውን አንደኛ አልጋ ይለዋል፤ ተከትሎ የመጣውን ሁለተኛ። በየትኛው ቀዳዳ ገባ፣ የማን ልጅ ነው ብሎ አይጠይቅም።"

"እንደ ታክሲ ረዳት በለኛ" ብላ ሲስተሯ ስቃ ነበር። እናቲቱም አብራ ስቃለች።

አሁን የልጇን ደረት አየች። በጭምብሉ ውስጥ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። ሰማንያ ዘጠኝ የእሱ ከሆነ እሱም ደህና አይደለም፤ ከዘጠና በታች አስጊ ነው ብለዋታል። መሣሪያው ደግሞ አንድ ነው። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ልጅ እግሯ እናት ስትመለስ እግዜር ወሰደው ትባላለች። ትናንት ከያዘችው ዳቦ ገምሳ ያካፈለቻት ልጅ።

"ሲስተር" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም ራቃት። "ጠዋት ገመዱን እኔ ነቅዬው ነበር።"

"የቱን ገመድ?"

"ሁለቱንም። ስልክ ልሰካ ብዬ። ስመልስ የኔን አስቀደምኩ።"

ሲስተሯ እጇ ጭምብሉ ላይ እንዳለ አፍጥጣ አየቻት። "ምን እያልሽኝ ነው?"

"ሰባ አንዱ የኔ ልጅ አይደለም። ያኛውን እዪው፣ በእናትሽ።"

ሲስተሯ በአንድ እርምጃ ደርሳ ሕፃኑን ገለበጠችው። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ጭምብሉን ከእናቲቱ ልጅ ፊት ላይ መንጭቃ እሱ ላይ ደፋችው። ማሰሪያው ለጨቅላ ፊት ሰፊ ስለሆነ በእጅ ካልተያዘ አየር ያመልጣል።

"ነይ ያዢ። እንዳይላላ። ሐኪሙን ልጥራ።" በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። "ለቀሽ ወደ ልጅሽ ብትሄጂ ይሄኛው አለቀለት።"

እናቲቱ በሁለቱ አልጋዎች መሐል ቆመች። በቀኝ እጇ ጭምብሉን በሰው ልጅ ፊት ላይ አጥብቃ ያዘች፤ ግራዋን ወደ ኋላ ዘርግታ የራሷን ልጅ እግር ጨበጠች። ልጇ ማልቀስ ጀመረ። ቀጭን፣ የሚቆራረጥ ለቅሶ ነው። በመጨረሻ ምላሷ ተፈታ።

"አለሁ" አለችው። "አለሁ፣ የኔ ጌታ። ትንሽ ቻለው።"

ኮምፒውተሩ ጎን ስልኳ ጠራ። በዚህ ሰዓት ከባሏ በቀር ማንም አይደውልላትም። ጠርቶ ዝም አለ፤ ደግሞም ጠራ።

ከሁለቱ እጆቿ አንዱንም አላነሳችም።